የተቃጠለው ማሽንና የአባቴ ቃል

እኛ አገር መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሲመጣ ነው። ያን ቀን ሲመጣ አምፖሉ ቦግ አለና ዓይኔን ወጋኝ፤ ቀጥሎ ከማሽኔ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ማሽኑ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ከኮምፒዩተርም የሚያትም ትልቅ ማሽን ነው። ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች፣ ሱቄም ማደሪያዬም በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእኔ የበለጠ ቦታ ይዞ ይቆማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣ ሲለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ልጅ ወይ ታገባለች ወይ ትሰደዳለች በሚባልበት አገር፣ ሁለቱንም አልፈልግም ብዬ ያመጣሁት ማሽን ነው። በዱቤ ነው ያመጣሁት። ዱቤው ደግሞ ያለ ኢንሹራንስ አይሰጥም። ስፈርም አባቴ ዋስ ሆነው አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ይሄ ኢንሹራንስ የምትሉት ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ማሽኑ ቢሞት ሌላ ይሰጡናል ማለት ነው።"

"እግዜር ይስጣቸው" አሉ።

እኔም ያንኑ አምኜ ነበር። ወረቀቱን ማን ያነበዋል።

አባቴ ፃግብጂ ውስጥ ገበሬ ናቸው፤ ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልግና ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬ ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን መሬት ያርሳሉ። መቀናጆ ፊርማ የለውም። ያለው ቃል ነው፤ ቃሉም አንድ ነገር ብቻ ይከለክላል። በመሃል እርሻ በሬ አይፈታም። ጓደኛው ትልም ላይ ቆሞ ሳለ በሬውን ፈትቶ የሄደ ሰው፣ ለከርሞ አብሮት የሚያርስ አያገኝም።

ማሽኑ እንደተቃጠለ ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። "ምንም ነገር እንዳትነኩ፤ ገማች ይመጣል" አሉኝ። ገማች ማለት የተበላሸውን አይቶ ይጠገን ወይም ይተካ ብሎ የሚፈርድ ሰው ነው። ጠበቅሁ። መንገዱ አይመችም፤ መኪና የለም፤ ሰውየው ሌላ ጉዳይ ላይ ነው፤ ምክንያት አላጡም። ማሽኔ ነጠላ ለብሶ እንደ ሬሳ ተቀምጧል። ደንበኛ በር ላይ ይቆምና "እስካሁን አልተነሳም?" ይለኛል፣ አልዓዛር ይመስል።

እናቴ ደግሞ በደወለች ቁጥር የአክስቴን ልጅ ታነሳብኛለች፤ ዓረብ አገር ገብታ ለቤተሰቧ ቆርቆሮ ቤት ያሠራችውን። "እሷ ቤት አቆመች፣ አንቺ የሞተ ብረት ታቅፈሽ ተቀምጪ" ትለኛለች። ደላላውንም አናግራዋለች። በጅቡቲ በኩል ነው የሚወስደው። ልጅቷ ቤት ማቆሟን እንጂ በባሕሩ ላይ ያየችውን እናቴ አትጠይቃትም። እኔ ጠይቄያታለሁ። ስለዚህ ነው አልሄድም ያልኩት። ማሽኑ ካልተነሳ ግን አልሄድም የምልበት አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ዱቤው ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም፣ ዋሱም አባቴ ናቸው።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ራሴ ቢሯቸው ሄድኩ። መስኮት ጀርባ ያለችው ሴት ፊቷን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ "እህቴ፣ አንድ ዕቃ እንኳ ከውስጡ ወጥቶ ከተገኘ ካሳ የሚባል ነገር የለም። እንዳለ ነው የምናየው" አለችኝ።

"ማንም አልነካውም" አልኳት።

እውነቴን ነበር። እኔ ያን ስል ግን አባቴ ገበያ ወጥተው፣ ሱቄን በትርፉ ቁልፍ ከፍተው፣ ሌላ ነገር እየሠሩ ነበር።

ስመለስ ነጠላው ተገፏል፣ የማሽኔ ጎን ተከፍቷል። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ስልክም የሚጠግነው ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ በጨርቅ እጁን ይጠርጋል።

"ምን አደረግከው?" ጮህኩ።

"እኔ ላይ ምን ታምባርቂብኛለሽ እሜቴ፤ የጠመዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ቀንበር ነው የያዝኩት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ ጨርቅና ደብተር ይሸጣሉ፤ ከጥግ በኩል ደግሞ የእኔን የመሰለ፣ ከእኔው ያረጀ ማሽን አላቸው። የሳቸው ማሽን ያትማል፣ ነገር ግን ማሞቂያው ደክሟል። ማሞቂያው ነው ቀለሙን በወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቀው። እሱ ሲደክም ጽሑፉ አምሮ ይወጣና በጣት ሲነካ ይለቃል። የእኔ ማሽን ደግሞ የኤሌክትሪክ ቦርዱ ተቃጥሎ ማሞቂያው ደህና ነው። አባቴ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ በገበያ ቀን እህላቸውን የሚያሳርፉት ሐጂ ሱቅ ነው። ሐጂ ስለ ማሞቂያው ሲያማርሩ ሰሙ፤ ጠጋኙን ጠሩት፤ አለቀ። የእኔ ማሞቂያ ሐጂ ማሽን ውስጥ ገባ።

አባቴን እዚያው ሐጂ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸዋል።

"ያንቺ በሬ ቆሞ ይበሰብሳል፣ የሐጂ በሬ ያነክሳል። አቀናጀናቸው" አሉኝ። "እስከ እኩለ ቀን የሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ያንቺ። የተማሪዎቹ ፈተና ታትሞ እስኪያልቅ ቃል ሰጥቻለሁ።"

"አባዬ፣ አትንኩት ተብሏል እኮ!"

"ማነው ያለው?"

"ባለቤቶቹ፣ ኢንሹራንሶቹ።"

"ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ሐጂ ከውስጥ ሆነው ሳቁ።  

እውነቱን መናገር ካለብኝ ግን ሠራ። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቅ ጥግ ላይ ቆሜ የማመልከቻ ጸሐፊዎችን ወረቀት፣ የአስተማሪዎችን የፈተና ጥያቄ፣ ከሰሃላ በእግር የመጣ ሰው መታወቂያ አነሳለሁ። ሐጂ ሻይ ያስመጡልኛል። "ልጄ፣ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ጨርቅ ገዢ እንኳ ወረቀት አስነስቶ ነው የሚሄደው፣ ፎቶ ኮፒ ብቻ ሆነ ገበያው" ይሉኛል። እናቴም መደወል ቀነሰች። ዱቤዬንም መክፈል ጀመርኩ። እኔ ግን አልተረጋጋሁም፤ መረጋጋት አልፈጠረብኝም። የሰው ቤት ጥግ ላይ ቆሞ መሥራት ለእኔ ሥራ አይመስለኝም። አዲስ ማሽን ነው የምፈልገው፤ በራሴ ክፍል ውስጥ፣ በራሴ ሰዓት።

እንዲያ እያልኩ ሳለ ገማቹ ደወለ። "ነገ ሰቆጣ ነኝ" አለኝ፣ ድንገት፣ ያን ያህል አስጠብቆኝ። "ማሽኑ እንዳለ ነው አይደል?"

"መጥተህ እየው" አልኩት።

አመሻሹ ላይ የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እኔ፣ አባቴና ጠጋኙ። የሐጂ ሥራ ገና ነው። የአስተማሪዎቹ ፈተና ግማሹ ነው የታተመው፣ ለማግስቱ ቀሪውን ቀጥረዋል።

ጠጋኙ ነው መጀመሪያ አፉን የከፈተ። "ምን ያስጨንቃችኋል? የሐጂን የደከመውን ማሞቂያ እዚህ እከተዋለሁ። አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፣ ማን ለየው? ቦርዱም ሄዷል፣ ማሞቂያውም ሄዷል ይላል ሰውየው። የሐጂ ሥራም አይቋረጥ።"

እኔ በልቤ ተስማምቼ ነበር። አልደብቅም። አሁንም ቢሆን እስማማለሁ።

አባቴ ግን "የሌላ ቤት በሽታ አምጥተን የእኛ ነው ብለን ልናስከፍል?" አሉት።

"ድርጅት እኮ ነው አባባ፤ ሰው አይደለም።"

"ድርጅቱ ውስጥ ሰው የለም?"

"ሰውማ አለ። እኛን ግን አያውቀንም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ" አሉ አባቴ። "የሚያውቀኝን ባታልል ገብቶት ይሰድበኛል። የማያውቀኝን ባታልል ማን ይሰድበኛል?"

ጠጋኙ እኔን አየኝ፤ ይሄን ሰው ምን ላድርገው በሚል ዓይን።

"እሺ" አልኩ። "እንግዲያውስ ማሞቂያችንን እናምጣ።"

"በመሃል እርሻ?"

"በመሃል እርሻ።"

"አይሆንም። እውነቱን ንገሪው። ሐጂ ቤት ነው ያለው፣ ሲጨርሱ ይመለሳል በይው።"

"እውነቱን ከነገርኩት ካሳ የለም አባዬ! ነገሩኝ እኮ! ካሳ ባይኖርም ዱቤው አለ። በምን እከፍላለሁ? የሐጂ ማሽን ነገ ሌላ ዕቃው ቢበላሽስ? ቃል ለእርስዎ ሀብት ይሆናል፤ እኔን ግን አያበላኝም። ማሽኑ ካልተተካ ለደላላው እደውልለታለሁ። እናቴ ስልኩን ሰጥታኛለች።"

ስልኬንም አውጥቼ አሳየኋቸው። ለማስፈራራት አልነበረም። ብደውልለት እሄድ ነበር።

 አባቴ ለራሳቸው በኽምጣኛ መናገር ጀመሩ፤ የከበዳቸው ነገር ሲኖር አማርኛውን ይተውታል። ከሰማሁት "ልጅ" እና "በሬ" የሚሉት ቃላት ነበሩበት። ራት አቀረብኩ፣ አልነኩትም።

ጠዋት ስነሳ የሉም። በሩን ከፍቼ ብወጣ ማዶ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በርጩማው አለ፤ አልተቀመጡም። ሁለት አስተማሪዎች ወረቀታቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

"ሐጂ፣ እንደምን አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ላይ?"

"አልገባም። በሬዬን ልፈታ ነው የመጣሁ።"

ሐጂ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ የአባቴን ፊት አዩና ሳቁን ተዉት።

"ትልሙ ሳያልቅ?"

"ትልሙ ሳያልቅ።"

"ምን አስቀየምንዎት?"

"ምንም። ዛሬ ማሽኑን የሚያይ ሰው ይመጣል። ጎደሎ ካገኘው አይተኩልንም። ልጄ ልትሄድብኝ ነው።"

ሐጂ ቀና ብለው በመንገዱ ማዶ እኔን አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ለምን እሰብራለሁ። ሐጂም ቢሆኑ የወንድማቸው ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ነው ወሬው የጠፋው።

"ይውሰዱት" አሉ። "የእርስዎ ነው፣ ማን ይከለክልዎታል።" ከዚያ ዞር ብለው ማሽኑን እያጠፉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ቃሉንም ግን አብረው ይውሰዱት። እኔ ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል" አሉ።

ከአስተማሪዎቹ አንዱ "የእኛ ፈተናስ?" አለ። 

አባቴ ማሞቂያውን በጋቢያቸው ጠቅልለው መንገዱን ተሻገሩ። ጠጋኙ ሲገጥመው አንድም ቀልድ አልወጣውም። ሰቆጣ ውስጥ እሱን ዝም ብሎ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገማቹ ረፋድ ላይ ደረሰ። በተፈጥሮው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምጠላው አገኝ ነበር። ወጣት ነው፤ መንገዱ አቧራ አልብሶታል፤ ውኃ ስሰጠው ከልቡ አመሰገነኝ። አባቴ ከደጅ ተቀምጠዋል። "ከጠየቀኝ ሁሉንም እነግረዋለሁ" ብለውኝ ነበር። አልጠየቃቸውም። የገበሬ ሽማግሌ ስለ ማሽን ምን ያውቃል ብሎ ነው።

ከፈተ፣ በመብራት አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ በመሣሪያ ለካ። እኔ የጣቶቼን ጥፍር ጨረስኩ።

"ቦርዱ ነው የሄደው" አለ በመጨረሻ። "ሌላው ጤነኛ ነው። ይጠገናል።"

"ይተካል አላላችሁም?"

"ማን አለሽ?"

ማን እንዳለኝ ማስታወስ አቃተኝ። ለካ ማንም አላለኝም፤ ለአባቴ ያልኩት እኔው ነኝ።

"እኔ እንዲተካ ነው የምፈልገው" አልኩ።

"እህቴ፣ በውሉ መሠረት መጠገን ወይም መተካት የድርጅቱ ምርጫ ነው፤ የደንበኛው አይደለም። ለመጠገን ሲያዋጣ ይጠገናል።" ከዚያ ሊያጽናናኝ ብሎ ፈገግ አለና ማሞቂያውን በእጁ መታ መታ አደረገው። "ዕድለኛ ነሽ እኮ። ዋናው ዕቃ ይሄ ነው። እሱም አብሮ ሄዶ ቢሆን ማሽኑ ለጥገና አያዋጣም ነበር፤ ጥለነው አዲስ ነበር የምንሰጥሽ።"

ጠጋኙ ጣሪያውን ያይ ጀመር።  ለካ የሐጂ ድኩም ማሞቂያ እዚያ ቢገኝ አዲስ ማሽን ነበረ። ማሞቂያው ሐጂ ቤት እንዳለ ብንናገር ካሳ አልነበረም። አባቴ ሁለቱንም ትተው የመረጡት፣ ማንንም የማያታልለው መንገድ፣ ቃላቸውን አስበልቶ ያመጣልን "ዕድለኛ ነሽ" ነው።

"ምን አለ?" አሉኝ አባቴ ከደጅ።

"ይጠገናል አለ።"

"አዲሱስ?"

"አዲስ የለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ማሞቂያው የተባለውን አልነገርኳቸውም። ጠጋኙን ነው በሌላ ቀን ያመለጠው፤ ምላሱ መቼ ያርፍለታል። ሲሰሙ "ተው" ብቻ አሉት ይባላል።

ማሽኔ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማ ሄደ። የእኔ ሥራ ቆመ፣ የሐጂም ቆመ፤ አስተማሪዎቹ የቀረውን ፈተና ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፉት። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ማሽኑ ተመለሰ። ሲበራ በራ። እልል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጥቂት ወረቀት ሲያነሳ ይግላል፣ ቀዩ መብራት ይበራና እስኪቀዘቅዝ አይንቀሳቀስም።

ጠጋኙን ጠርቼ አስከፈትኩት። አዲስ ቦርድ ብለው የሰደዱልን ዙሪያውን አቧራ ጠጥቷል፤ በአንዱ ጠርዝ ላይ የማናውቀው ከተማ የማናውቀው ሱቅ ወረቀት ተለጥፎበት ግማሹ ተልጧል። ከሌላ የሞተ ማሽን ነቅለው ነው የገጠሙልን።

"አቀናጁልሽ!" አለና ጠጋኙ ሳቁ አንበረከከው። "እሜቴ፣ እነሱም አቀናጁ!"

ለአባቴ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"የማን በሬ ነው?" አሉኝ።

"አይታወቅም።"

"ሲወስዱት ጠይቀውታል?"

"እኔ ምን አውቄ አባዬ።"

ደውዬ ጮህኩባቸው። "ይሠራል አይደል?" አሉኝ። ይሠራል። "እንግዲያው ጉዳዩ ተዘግቷል" አሉኝ። ለእነሱ መዝጋት ቀላል ነው፤ ማዶ ያለውን ሱቅ በየቀኑ አያዩትም።

ሐጂ ማሽናቸውን አልጠገኑትም። ጥጉን አስለቅቀው ጨርቅ ደረደሩበት። እኛን አልሰደቡም፣ ለሰውም አላሙንም፤ እሱ ነው የከፋው። አባቴ ሲያልፉ "ደህና ዋሉ" ይሏቸዋል፣ እንደ ማንም መንገደኛ። አባቴም አሁን በገበያ ቀን እህላቸውን የሚያወርዱት እኔ ጋ ነው። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ከረጢቱን ለመሻገር ደንበኛ እግሩን ያነሳል። ፃግብጂም ወሬው ደርሷል። ከአባቴ ጋር የሚቀናጀው ሰው ዘንድሮ በሬዬ ታሞብኛል ብሏል። በሬው ሲግጥ እናቴ በዓይኗ አይታዋለች። ስለ ዓረብ አገር ማንሳቱን ግን ትታለች። እኔ ሰቆጣ ቀርቻለሁ፤ የተፈለገው ይሄ ነበር።

ባለፈው ገበያ ቀን ሐጂ የልጅ ልጃቸውን የልደት ወረቀት ይዘው መጡ። ከሆነው ነገር ወዲህ ደጄን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። አባቴ ከረጢታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ፈጥነው ተነሱና በርጩማውን አቀረቡላቸው።

"ይቀመጡ ሐጂ።"

"እቸኩላለሁ" አሉ ሐጂ። ቸኩለው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ወረቀቱን ተቀብዬ መስተዋቱ ላይ አስተኛሁት። ያን ቀን ጠዋት ብዙ ሳነሳ አርፍጄ ኖሮ፣ ማሽኑ አጉረመረመና ቀዩ መብራት በራ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ ሐጂ።

"ግሏል። ትንሽ እስኪቀዘቅዝ ነው።"

"ከጠገኑት በኋላ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አዎ።"

 በርጩማው መሃል ላይ ባዶውን ቀረ። አባቴም ሐጂ ቆመው ሳለ መቀመጥ አልቻሉም። ሦስታችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዓይናችንን ቀዩ መብራት ላይ አድርገን፣ እስኪቀዘቅዝ ቆመን ጠበቅን።